የጦጣ አንጎልና የእኛ ተማሪዎች፦ ለደሴና ኮምቦልቻ የጋራ ፕሮፖዛል የዕቅድ ውይይት

ሰብሳቢ (ደሴ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። እንደተስማማነው የደሴና የኮምቦልቻ አባላት አንድ ፕሮፖዛል ነው የምናስገባው። ሁለት ወረቀት ይዘን አንድ በር ላይ ብንገናኝ ያሳፍራል። ሐሳቡ ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍል ተማሪዎች የአንድ ቀን የአንጎል ሳይንስ ትርኢት ማዘጋጀት ነው። መነሻችን የባሪ ሪችመንድ ሥራ ይሁን ብያለሁ። ሰውዬው አሜሪካ ውስጥ፣ ሜሪላንድ፣ በብሔራዊ የአእምሮ ጤና ኢንስቲትዩት የሠራ ተመራማሪ ነው። ማየትን፣ ማስታወስንና ተነሳሽነትን በጦጣ አንጎል ውስጥ አያይዞ ስላጠና ሦስት ቦታ ከመበተን ያድነናል። ረቂቁን አንብቡ፤ ቁረጡ፣ ቀጥሉ። «አሪፍ ነው» ብሎ ማለፍ እንደ አስተያየት አይቆጠርም።

ጡረተኛው መምህር (ደሴ)፦
ሸጋ ነው። ግን ጦጣዋ ምን እንደምትሠራ የትም አልተጻፈም። ገምጋሚው ገና መጀመሪያው ገጽ ላይ ዶፓሚን የሚል ቃል ካየ ወረቀቱን ዘግቶ ሻዩን ነው የሚጠጣው። መጀመሪያ ጦጣዋ ትታየው።

የባዮሎጂ መምህር (ኮምቦልቻ)፦
ልክ ነዎት ጋሼ። እኔ ልሞክር።

ጦጣዋ ስክሪን ፊት ተቀምጣ አንድ ዘንግ በእጇ ትይዛለች። መሃል ላይ ቀይ ነጥብ ይመጣል። ነጥቡ አረንጓዴ ሲሆን ቶሎ መልቀቅ አለባት። ሥራው ይኼው ነው። ጁሱ ግን ሁልጊዜ አይመጣም። አንዳንዴ አንድ ዙር ሠርታ ትጠጣለች፤ አንዳንዴ ሁለት ወይም ሦስት ዙር መሥራት አለባት። ስክሪኑ ላይ ያለ ሌላ ምልክት ብርሃኑን እየለወጠ ጁሱ ምን ያህል እንደቀረበ ይነግራታል። ከሳተች ያንኑ ዙር ትደግማለች፤ መዝለል የለም።

ጁሱ ሩቅ ሲሆን ስህተቷ ይበዛል። ሲቃረብ ይቀንሳል። የመጨረሻው ዙር ላይ የምትስተው ከስንት አንዴ ነው። ልብ በሉ፣ ሥራው ያው ነው፤ አልከበደም፣ አልቀለለም። የተለወጠው ፍላጎቷ ነው። ስለዚህ ስህተቷን በመቁጠር ፍላጎቷን መለካት ይቻላል። «ሰለቸሽ ወይ?» ተብላ የማትጠየቅን ፍጡር በዚህ መንገድ መጠየቅ ለእኔ ትልቁ ብልሃት ነው።

የአይሲቲ ባለሙያ (ደሴ)፦
በጣም አሪፍ! እንግዲያው አንድ ነገር እንጨምር። በየቤተ መጻሕፍቱ «ለፈተና ይህን ያህል ቀን ቀረ» የሚል ሰሌዳ እንስቀል። የቀረውን ያወቀ ይበረታል ማለት አይደል? በሳይንስ የተደገፈ ብለን ብናስገባው ገንዘብ ሰጪም ይወደዋል።

የባዮሎጂ መምህር (ኮምቦልቻ)፦
ቆይ ወንድሜ፣ ሙከራው አንተን አይደግፍም። እንዲያውም ጣጣው እዚህ ጋ ነው።

ተመራማሪዎቹ ምልክቱን በዘፈቀደ እያወጡም ሞክረዋል። ምልክቱ አለ፣ ግን ስለቀረው ሥራ እውነቱን አይናገርም። ምን ሆነ? ጦጣዎቹ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በትንሽ ስህተት ሠሩ። እያንዳንዱ ዙር የጁሱ ዙር ሊሆን ይችላላ! ስንት እንደቀረ በትክክል ሲነገራቸው ነው ሩቁ ዙር ላይ እጃቸው የሚፈታው። አሁን መስከረም ላይ «ሁለት መቶ ምናምን ቀን ቀረ» የሚል ሰሌዳ ስቀልና ልጆቹ ምን እንደሚያደርጉ እይ።

ሰሌዳው ይጎዳል አላልኩም። ልጅ ጦጣ አይደለም፤ ዕቅድ ያወጣል፣ እናቱን ያስባል፣ ጓደኛው እንዳይቀድመው ይሰጋል። ግን «በሳይንስ የተደገፈ» የሚለውን እኔ አልፈርምበትም።

የአይሲቲ ባለሙያ (ደሴ)፦
እሺ፣ ሰሌዳው ይውጣ። ግን እዚያው ላብራቶሪ ውስጥ ስንፍናን በጂን አጠፉ የሚል ነገር አንብቤያለሁ። እሱስ?

የባዮሎጂ መምህር (ኮምቦልቻ)፦
የ2004ቱን (እ.ኤ.አ.) ሥራ ነው የምትለው። እሱን ለመረዳት ከዚያ በፊት የነበረውን ማየት ያስፈልጋል። ከጆሯችን በላይ ባለው የአንጎል ክፍል ሥር፣ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ራይናል ኮርቴክስ የሚባል ቦታ አለ። ዓይን ያየውን ነገር «ይሄ ለእኔ ምን ይጠቅመኛል?» ከሚለው ጋር ያስተሳስራል። በ2000 ያሳተሙት ጥናት ላይ ይህ ክፍል የወጣላቸው ጦጣዎች አዲስ ምልክት ሲሰጣቸው ትርጉሙን መማር አልቻሉም። ጤነኞቹ ግን ወዲያው ለመዱት።

በ2004 ደግሞ ምንም ሳይቆርጡ፣ እዚያው ቦታ ላይ ዲ2 የሚባለውን የዶፓሚን (የአንጎል ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡበት ኬሚካል) ተቀባይ ለጊዜው እንዲቀንስ አደረጉ። ጦጣዎቹ ሩቁንም ቅርቡንም ዙር እኩል በትጋት ሠሩ። ወሬው «ሰነፍ ጦጣ ታታሪ ሆነች» ተብሎ ዓለምን ዞረ። የሆነው ግን ጦጣዋ ምልክቱን ከጁሱ ጋር ማያያዝ አቃታት፤ ጁሱ ሩቅ ይሁን ቅርብ አታውቅም። ከሳምንታት በኋላ ችሎታዋ ተመለሰ። ይሄ የስንፍና መድኃኒት አይደለም።

እኔን የገረመኝ ማየት፣ ማስታወስና መፈለግ እዚያች ትንሽ ቦታ ላይ መገናኘታቸው ነው። ትርኢቱ የሚያሳየው ይህን ይሁን።

የዓይን ነርስ (ደሴ)፦
የማየቱ ክፍል በረቂቁ ላይ ሳስቷል። ሁበልና ዊዝል የሚባሉት የእይታ ተመራማሪዎች ይግቡ። በ1981 (እ.ኤ.አ.) ኖቤል የተሸለሙት አንጎል ዓይን ያየውን እንዴት እንደሚያስተናግድ በማጥናታቸው ነው። የድመት ግልገልና የሕፃን ጦጣ አንድ ዓይን ገና በጠዋቱ ለተወሰነ ጊዜ ሸፈኑ። በኋላ ሲከፈት ዓይኑ ራሱ ጤነኛ ነው፤ አንጎል ውስጥ ያሉት ሴሎች ግን ለዚያ ዓይን መልስ መስጠት ትተዋል። ያደገ እንስሳ ላይ ተመሳሳይ ነገር ቢደረግ እንዲህ አይሆንም።

ይሄ ለእኛ የወሬ ጉዳይ አይደለም። ዓይኑ የሸወረረ ወይም ሞራ ይዞ የተወለደ ልጅ «ሲያድግ ይለቀዋል» እየተባለ ይቆያል። ሲያድግ አይለቀውም፤ አንጎሉ ያንን ዓይን ይተወዋል። ትራኮማን ግን ከዚህ ጋር እንዳታቀላቅሉት። እሱ ቆቡን ከውስጥ አጠባስሶ ሽፋሽፍቱ ብሌኑን እንዲፍቅ ያደርጋል እንጂ ከአንጎል ጋር አይገናኝም።

የ9ኛ ክፍል ተማሪ ለዚህ በአብዛኛው ጊዜው አልፎበታል። ታናሽ ወንድምና እህት ግን አለው። ከሰዓት በኋላ የአጸደ ሕፃናት ወላጆች ይጠሩ፤ አንድ ዓይን እየሸፈንን ቀለል ያለ ምርመራ እናድርግ።

ሰብሳቢ (ደሴ)፦
ሲስተር፣ ተጽፏል። ይሄ ብቻውን ፕሮፖዛሉን ያስመርጠዋል።

ጡረተኛው መምህር (ደሴ)፦
አንድ ጥያቄ ከልጆቹ መምጣቱ አይቀርም። ጦጣዋ ላይ ምን አደረጉባት? ጭንቅላቷን ከፍተው ነው ወይ? ምን እንላለን?

የባዮሎጂ መምህር (ኮምቦልቻ)፦
እውነቱን። ቀዶ ሕክምናው በማደንዘዣ ነው። በጣም ቀጭን ሽቦ ወደ አንጎል ይገባል፤ አንጎል ራሱ ሕመም አይሰማውም። ለጁሱ እንድትሠራ የምትጠጣው ነገር ይመጠንባታል። ይህን ሁሉ የሚቆጣጠር ኮሚቴ አለ። ይህም ሆኖ «ልክ አይደለም» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ክርክራቸውም ቀላል አይደለም። አንድ ጠረጴዛ ለዚህ ይሰጥ፤ ልጆቹ ይከራከሩ።

የአይሲቲ ባለሙያ (ደሴ)፦
ጭላዳ ለማየት ልጆቹን ይዘን እዚሁ ወሎ ቦረና ሳይንት ፓርክ ብንወርድስ?

ሰብሳቢ (ደሴ)፦
በጀቱን አንተ ካመጣኸው። ደግሞ ላብራቶሪ ያለችው ሬሰስ የምትባል ሌላ የጦጣ ዝርያ ናት፤ ጭላዳን በስዕል እናሳያቸዋለን።

አሁን ወደ ተግባር። ስክሪን አልፈልግም፤ መብራት ከጠፋ ትርኢቱም አብሮ ይጠፋል። ልጆቹ በእጃቸው የሚሞክሩት ምን አለ?

የዓይን ነርስ (ደሴ)፦
ምስር ለቀማ! ከሱ የበለጠ አሰልቺ ሥራ የት ይገኛል? አንድ ስኒ ምስር ውስጥ ጠጠር እንጨምራለን። ልጁ ለቅሞ ያስረክባል። ያመለጠው ጠጠር ስህተት ነው።

የባዮሎጂ መምህር (ኮምቦልቻ)፦
ሲስተር፣ ወላሂ ጨረስሽው! ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ስኒ ይመደባል። ከእያንዳንዱ ስኒ በፊት ካርድ ይታየዋል፤ ከነጣ ሩቅ፣ ከጠቆረ ቅርብ። ግማሾቹ ካርዱ እውነት ይነግራቸዋል። ለግማሾቹ በዘፈቀደ ይመዘዝላቸዋል። የሳተ ያንኑ ስኒ ይደግማል። መጨረሻ ላይ ያመለጡትን ጠጠሮች ግድግዳ ላይ በግራፍ እንሠራቸዋለን። ከጦጣዎቹ ጋር ይመሳሰል አይመሳሰል ልጆቹ ራሳቸው ይዩት። ባይመሳሰልም ጥሩ ነው፤ እንዲያውም ያኔ ነው ክርክሩ የሚደምቀው።

ጡረተኛው መምህር (ደሴ)፦
ሽልማቱ ከረሜላ እንዳይሆን። ረመዳን ላይ ከዋለ ግማሹ ልጅ ጾመኛ ነው። እስክሪብቶ ይበቃል።

የባዮሎጂ መምህር (ኮምቦልቻ)፦
ቦታውስ? የኛን ልጆች በሐረጎ ዳገት በጉም ማመላለስ ለወላጅም ጭንቀት ነው።

ሰብሳቢ (ደሴ)፦
አብሽር። አንድ ቅዳሜ ደሴ፣ ቀጣዩ ቅዳሜ ኮምቦልቻ። የሚጓዘው ዕቃው ነው፤ ልጆቹ ባሉበት ይቆያሉ።

ለፕሮፖዛሉ ዓላማ ይህን ጽፌያለሁ፦ «ተማሪዎች በጦጣ ላይ የተደረጉ የእይታ፣ የማስታወስና የተነሳሽነት ጥናቶችን በእጃቸው በሚሠሩት ሙከራ እንዲረዱ፣ ከእንስሳ ወደ ሰው መደምደም የት ላይ እንደሚቆም እንዲከራከሩ፣ ወላጆች የሕፃናት ዓይን ችግር በጊዜ መታከም እንዳለበት እንዲያውቁ።» «የተማሪዎችን ውጤት ያሻሽላል» የሚለውን ሰርዣለሁ፤ ማረጋገጥ የማንችለውን ቃል አንገባም። ተቃውሞ ያለው እስከ ሐሙስ ይጻፍ።

ምስሩን ማን ያመጣል?

ጡረተኛው መምህር (ደሴ)፦
ከሰኞ ገበያ እኔ አመጣለሁ። ለጠጠሩ አትጨነቁ፤ ከምስሩ ጋር አብሮ ይመዘናል።

የባዮሎጂ መምህር (ኮምቦልቻ)፦
ጋሼ፣ በየስኒው እኩል መሆን አለበት እኮ! መጀመሪያ እኛ ጥርግ አድርገን እንለቅመዋለን፤ ከዚያ ቆጥረን እንጨምራለን።

የአይሲቲ ባለሙያ (ደሴ)፦
እኛ ስንለቅም ካርዱን ማን ነው የሚያሳየን?