አስቸኳይ፦ የድሬዳዋ ጣቢያ ሞዴሌ ፎቶ ላይ መጫወቻ መሰለብኝ፣ ነገ ጠዋት ማተሚያ ቤት ይገባል

ፉርጎ87፦
ሰላም ወገኖች፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። የድሬዳዋን ባቡር ጣቢያ ሁለት ዓመት ሙሉ በሞዴል ስሠራ ቆይቼ፣ ማኅበራችን ለሚያሳትመው የቀን መቁጠሪያ የመስከረም ገጽ ላይ ይውጣ ተባለ። ያለሁት ጀርመን ነው። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ማተሚያ ቤት መድረስ አለበት፣ ፎቶው ግን እምቢ አለኝ። የባቡሩ አፍንጫ ብቻ ጥርት ይላል፣ ከኋላው ያለው ጣቢያ ጉም የዋጠው ነው የሚመስለው። በዚያ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄዱ ጥቋቁር መስመሮች አሉ። በዓይን ሲታይ እኮ ያምራል! መጠኑ 1 ለ 87 ነው፣ ጠረጴዛው 1 ሜትር ከ20 በ60። ምን ላድርግ?

ቶሎ መላሽ፦
የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ 22 ላይ አጥብበህ ዝጋው። አለቀ።

ፎቶ ቤት ልጅ፦
አላለቀም። ወንድሜ ረጋ በልና ስማኝ። ካሜራ ወደ ዕቃው በቀረበ ቁጥር ጥርት የሚለው ቦታ እየጠበበ ይሄዳል። እውነተኛ ባቡር ስታነሳ 30 ሜትር ራቅ ብለህ ስለምትቆም ባቡሩም ጣቢያው ተራራውም አብረው ይጠራሉ። አንተ ግን ከባቡሩ 20 ሳንቲ ላይ ነህ። ዓይናችን ደግሞ ከፊትና ከኋላው የደበዘዘ ነገር ሲያይ ወዲያው "ይሄ ትንሽ ዕቃ ነው" ይላል፣ መጫወቻ የሚያስመስለው እሱ ነው። ኤፍ 22 ስትዘጋው ብርሃኑ በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚበተን ሁሉም ነገር ይደበዝዛል። ስለዚህ ኤፍ 8 ወይም 11 ላይ አድርገህ፣ ካሜራውን ማቆሚያ ላይ አስረህ፣ አንዱን ፎቶ ባቡሩ ላይ፣ አንዱን ፉርጎዎቹ ላይ፣ አንዱን ጣቢያው ላይ እያተኮርክ አንሳና በኋላ አንድ ላይ ታዋህዳቸዋለህ። ፎቶሾፕ ላይ ፎቶዎቹን እንደ ሌየር ትደራርባለህ፣ መጀመሪያ ራሱ እንዲያስተካክላቸው ቀጥሎ እንዲያዋህዳቸው ታዘዋለህ፣ ከየፎቶው ጥርት ያለውን ክፍል ይመርጣል።

ፉርጎ87፦
አመሰግናለሁ፣ ግን ኤፍ የሚባለው የት ነው የሚቀየረው? በስልክ ነው የማነሳው።

ድሬ ነኝ፦
😂😂 ይሄን ሁሉ ትምህርት ተምረን "በስልክ ነው"። አንተ ሰውዬ ይሄ መጀመሪያ አይባልም?

ፉርጎ87፦
ዛሬ በካሜራ የሚያነሳ ሰው አለ እንዴ? ይገባችኋል ብዬ ነው።

ቶሎ መላሽ፦
ስልክም ቢሆን ኤፍ 22 ፈልግለት።

ፎቶ ቤት ልጅ፦
ስልክ ላይ የለም። የአብዛኛው ስልክ ቀዳዳ አይንቀሳቀስም።

ጋሽ ሃዲድ፦
ልጄ፣ ፎቶውን ተወውና አንድ ነገር ልጠይቅህ። በለጠፍከው ፎቶ ላይ የማየው ሃዲድ ስፋቱ ስንት ሚሊ ሜትር ነው? 16.5 ከሆነ በ87 አባዛው፣ 1435 ይመጣል። የድሮው የጅቡቲ መስመር ሃዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነበር። በ1897 ከጅቡቲ ተነስቶ በ1902 ድሬዳዋ የደረሰው፣ አዲስ አበባም በ1917 የገባው እሱ ነው፤ በፈረንጆች አቆጣጠር ማለቴ ነው። 1435 ሚሊ ሜትር የሆነው፣ እንደዚሁ በፈረንጆቹ፣ በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪኩ መስመር ነው። አንተ የሠራኸው የድሮውን ጣቢያ በአዲሱ ሃዲድ ነው። ለ1 ሜትሩ 12 ሚሊ ሜትር ሃዲድ ይሸጣል። እውነተኛ እንዳይመስል ያደረገው ካሜራው ብቻ አይደለም ለማለት ነው።

ፉርጎ87፦
ጋሼ፣ አባቴ እዚያ ጣቢያ 22 ዓመት ሠርቷል፣ ስፋቱን አውቃለሁ። ያገኘሁት ሃዲድ ይሄ ነው። ነገ 3 ሰዓት ነው እያልኩ እርስዎ ሃዲድ ንቀል ይሉኛል?

ጋሽ ሃዲድ፦
ንቀል አላልኩም። ከጎን አንሳው ነው የምልህ። ከፊት ለፊት ስታነሳው የሃዲዱ ስፋት ያጋልጥሃል፣ ከጎን ግን ማንም አይለየውም።

ድሬ ነኝ፦
ጋሼ እንዲህ ያለ ምክር ይዘው ነው መጀመሪያ የተቆጡት 😄

እታለም ሜሪላንድ፦
ወንድም ዓለም፣ ፎቶህን አጉልቼ አየሁት። የጣቢያው ጣሪያ ጠርዝ ላይ ግማሹ ጥርት ብሎ ግማሹ ሟሟ። የሌንስ ብዥታ እንዲህ አይቆራረጥም። ፖርትሬት የሚለው ላይ አድርገህ ነው እንዴ የምታነሳው?

ፉርጎ87፦
አዎ፣ ያምራል ብዬ ነዋ።

እታለም ሜሪላንድ፦
በል አጥፋው! ጀርባውን ሆን ብሎ የሚያደበዝዘው እሱ ነው። ሌላ ደግሞ፣ ከላይ ወደ ታች እያየህ ነው ያነሳኸው። ጣቢያውን ከሄሊኮፕተር ላይ ያየው ሰው አለ? የቆመ ሰው ዓይን 1 ሜትር ከ60 ላይ ነው ብንል፣ በ87 ሲካፈል ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሌንስህ ከመሬቱ 2 ሳንቲ ላይ ይሁን። ስልኩን ገልብጠው፣ ሌንሱ ያለበት ጫፍ ወደ ታች ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ። እኔ የልጄን የባቡር ሞዴል እንዲህ ነው የማነሳው። በጣም ስትጠጋ ስልኩ ራሱ ወደ ሰፊው ሌንስ ይቀይርብሃል፣ ያኔ ጣቢያው ይጎብጣል። ትንሽ ራቅ በልና በዋናው ሌንስ አንሳ፣ ዳሩን በኋላ ትቆርጠዋለህ። መስመሮቹ ደግሞ ከኤልኢዲ መብራትህ ናቸው፣ ስለሚርገበገብ ነው። ማኑዋል ካለህ ሹተሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ፣ 1/60 ሰከንድ አድርገው።

ፎቶ ቤት ልጅ፦
1/60 አሜሪካ ነው እታለም። ጀርመን የኤሌክትሪኩ ሞገድ እንደኛ በሰከንድ 50 ስለሆነ 1/50 ወይም 1/25 ይበል። መብራቱ ብርሃኑን መቀነሻ ካለው ግን ይሄም ላይሠራ ይችላል፣ እስከ መጨረሻው ያብራው ወይም ሌላ መብራት ይፈልግ።

ዝምተኛው፦
ሰማዩ ላይ ያለው ነገር ምንድን ነው?

ፉርጎ87፦
የአልጋ አንሶላ ነው። ሰማያዊ።

ዝምተኛው፦
እጥፋቱ ይታያል። የጣቢያውም ጥላ ሰማዩ ላይ አርፏል።

ድሬ ነኝ፦
ድሬ ላይ ደመና ብርቅ ነው፣ አንተ ግን የተጨማደደ ሰማይ ሰጠሃት። ካውያ የለም እዚያ ቤት?

ፎቶ ቤት ልጅ፦
አንሶላውን ተኩሰህ ከጠረጴዛው ግማሽ ሜትር ያህል ወደኋላ አርቀው፣ ጥላው አይደርስበትም። መብራት አንድ ብቻ ይሁን። ሁለት መብራት ካበራህ አንዱ ምሰሶ ሁለት ጥላ ይጥላል፣ ፀሐይ ደግሞ አንድ ናት። 2 ሜትር ያህል አርቀህ ከፍ አድርገህ አቁማት። ለስላሳ ወረቀት አልብሳት የሚልህ ይመጣል፣ እንዳትሰማው። የድሬ ፀሐይ ጥላዋ እንደ ምላጭ ነው።

ቶሎ መላሽ፦
ወረቀት አልብሳት።

ድሬ ነኝ፦
ቀልዱን ትቼ ልንገርህ። መሬቱ ላይ የነሰነስከው አሸዋ ከየት ነው?

ፉርጎ87፦
ከደቻቱ ወንዝ ነው። እህቴ በሃይላንድ ጠርሙስ ሞልታ አመጣችልኝ። እውነተኛ የድሬ አሸዋ ነው።

ድሬ ነኝ፦
እውነተኛ መሆኑ ነው ያበላሸው። ሁለት ሚሊ ሜትር የምታህል ቅንጣት በ87 ስትባዛ 17 ሳንቲ ሜትር ትሆናለች። ሾፌርህ አጠገብ ያለችው ጠጠር የሱን ጭንቅላት ታክላለች እኮ። በሻይ ማጥለያ ንፋውና ዱቄቱን ብቻ ከላይ በትንበት። ባቡሩም ያብረቀርቃል፣ ፕላስቲክ መሆኑን እሱ ነው የሚናገረው። ቡናማ ጠመኔ ፍቀህ በደረቅ ብሩሽ ቀባ ቀባ አድርገው። ድሬ የሚያብረቀርቅ ባቡር አይቼ አላውቅም።

ቶሎ መላሽ፦
ጭስ ጨምርበት በፎቶሾፕ፣ ያምራል።

ጋሽ ሃዲድ፦
ባቡሩ ዲዝል ነው ልጄ። በፈረንጆቹ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ዲዝል ገብቷል። የምን የከሰል ጭስ ነው?

ፉርጎ87፦
ቆይ ቆይ። ፖርትሬቱን አጠፋሁ፣ ስልኩን ገለበጥኩ፣ 1/50 አደረግኩ። መስመሮቹ ጠፉ!! ጣቢያውም ታየ። ግን አሁንም ባቡሩ ላይ ሳተኩር ከኋላ ያለው ተራራ ትንሽ ይደበዝዛል፣ ቀለሙም ሰማያዊ ሰማያዊ አለብኝ።

እታለም ሜሪላንድ፦
ተራራው ይደብዝዝ፣ ሩቅ ነገር በአቧራ ውስጥ ፈዘዝ ነው የሚለው። እንዲያውም ስታስተካክል የተራራውን ኮንትራስት ትንሽ ቀንስለት። ጣቢያውና ባቡሩ ግን ሁለቱም መጥራት አለባቸው። ስልኩን ሳትነካ፣ በሰዓት ቆጣሪው፣ አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ አተኩረህ አራት ፎቶ አንሳ። ሰማያዊ ያለብህ አንሶላው ሰፊ ስለሆነ ስልኩ ተምታቶበት ነው፣ ቀለሙን ወደ ቢጫው ሳብ አድርገው፣ ግን ጣቢያው ብርቱካን እስኪመስል አይደለም።

ፎቶ ቤት ልጅ፦
ፎቶሾፕ ከሌለህ አራቱን ላክልኝ፣ እኔ አዋህድልሃለሁ። ቴሌግራም ላይ ግን እንደ ፎቶ እንዳትልከው፣ አሳንሶ ነው የሚያደርሰው። እንደ ፋይል ላክ። ለማተሚያ ቤቱም እንደዚያው።

ፉርጎ87፦
እሺ፣ አሁኑኑ። አሸዋውን እየነፋሁ ነው፣ ባለቤቴ በሻይ ማጥለያው ተቆጥታለች።

ፎቶ ቤት ልጅ፦
እዚህ እኩለ ሌሊት አለፈ፣ እየጠበቅኩ ነው።

ፎቶ ቤት ልጅ፦
ሦስቱ ደርሰውኛል። አራተኛው የታለ? ጣቢያው ላይ ያተኮርክበት።

ጋሽ ሃዲድ፦
ልጄ ተሳካ ወይ? ገጹን እኛም እንየው እንጂ።

ድሬ ነኝ፦
ሁለት ሳምንት ሆነው። ወይ ታትሞ ደስታው አስረስቶታል፣ ወይ የሻይ ማጥለያው ጉዳይ አልተቋጨም።

ቶሎ መላሽ፦
ኤፍ 22 ብዬ ነበር።