እናቶቻችን ሐኪም ፊት ተረትና ምሳሌ ሲጠየቁ

ሰላም ለሁላችሁ። እናቷን ለመርሳት ችግር ምርመራ ልትወስድ ያሰበችው እህታችን «ሐኪም በእርግጥ ተረትና ምሳሌ ይጠይቃል ወይ?» ብላ ላነሳችው ጥያቄ ነው ይህን የምጽፈው። አዎ፣ እዚህ አሜሪካ አንዳንድ ሐኪሞች የአረጋውያንን አእምሮ ሲመረምሩ አንድ ምሳሌያዊ አነጋገር ጠቅሰው «ምን ማለት ነው?» ይላሉ። የቆየ ዘዴ ነው። ማወቅ የሚፈልጉት ታካሚው ከቃሉ አልፎ ሐሳቡን መያዝ መቻሉን ነው።

ምሳሌው የእንግሊዝኛ ሲሆን ግን ነገሩ ይበላሻል። «በመስታወት ቤት የሚኖር ሰው ድንጋይ አይወርውር» (ራሱ ነውር ያለበት ሌላውን አይንቀፍ ለማለት ነው) ተብሎ ቢተረጎምላቸው፣ ደሴ ያደጉ እናት «መስታወቱ ይሰበራላ!» ቢሉ ምን ይገርማል? አባባሉን በሕይወታቸው ሰምተውት አያውቁም። ሐኪሙ ግን «ከቃሉ ማለፍ አልቻሉም» ብሎ ሊመዘግብ ይችላል።

የአማርኛውም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። እኛ ዘንድ ተረት የሚነገረው ነገር ሲመጣ ነው እንጂ ፍታ ለመባል አይደለም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ምን ማለት ነው?» ብትሏቸው «ለሚቸኩል ሰው ነዋ የሚባለው» ሊሏችሁ ይችላሉ። አንዳንዷ ደግሞ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብላ በሌላ ተረት ትመልሳለች። ለእኔ ከዚህ የተሻለ መልስ የለም። እንቁላሉንና ያፈሰሰችውን ሴት የሚያገናኛቸው ሐሳቡ ብቻ ነው፤ ሐሳቡ ያልገባው ሰው አንዱን በሌላው አይመልስም። አስተርጓሚው «ቸኩላ አፈሰሰች፣ ከዚያ ለቀመች» ብሎ ካለፈው ግን ሐኪሙ እናታችን የሚዘባርቁ ይመስለዋል። «በሌላ ተረት ነው የመለሱት» ብሎ ማስረዳት አለበት።

ስለዚህ እህቴ፣ ቀጠሮ ስትይዢ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቂ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1964 በወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት በነፃ ማቅረብ አለበት። አንቺ ባታስተረጉሚ እመርጣለሁ። የገዛ እናት መልስ ሲጠፋት ማየት ይከብዳል፤ ልጅ ደግሞ ሳይታወቀው መልሱን ያቃናል። ቤትም ተረት አታለማምጃት፣ ምርመራው ዋጋ ያጣል። ለሐኪሙ አስቀድመሽ እስከ ስንተኛ ክፍል እንደተማረች፣ በየትኛው ቋንቋ እንዳደገች ንገሪው። ተረት መጠየቁ ካልቀረ ከምታውቀው ይሁን።

አንድ ነገር ግን አደራ። «የባህል ጉዳይ ነው» ብለን ሁሉንም እንዳናልፈው። በየወሬው መሃል ተረት ጣል ታደርግ የነበረች እናት አሁን የራሷ ተረት ሲነገራት ግራ የምትጋባ ከሆነ፣ ይህ ለሐኪም የሚነገር ለውጥ ነው። ምድጃ ለኩሳ ትረሳለች? የለመደችው መንገድ ይጠፋባታል? አሁን የጠየቀችውን መልሳ ትጠይቃለች? መቼ እንደጀመራት ጭምር ጽፈሽ ያዢና ለሐኪሙ ስጪው።