የግብር ግምት ድርድር፦ መርህ ላይ እንቁም ወይስ ቁጥሩን እንከራከር?

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን)
ሰላም ለቤቱ። እዚህ የሸቀጣ ሸቀጥ ነጋዴዎች ከገቢዎች ጋር የሚነጋገር ኮሚቴ መርጠው ነበር፤ ኮሚቴው ግን ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «በግምት ግብር መጣል ከሥሩ ስህተት ነው፤ ካልተሻረ አንቀመጥም» ይላል። ሌላው «የዕለት ሽያጭ ግምቱን እናስቀንስ፣ የቀረው ይደረስበታል» ባይ ነው። የትኛው ያዋጣል?

መዝገብ ያዥ
መጀመሪያ ማን ምን መወሰን እንደሚችል ለዩ። ደረጃ «ሀ» እና ደረጃ «ለ» ግብር ከፋይን የሚለየው የ2 ሚሊዮን ብር የዓመት ሽያጭ ወሰን በአዋጅ 1395/2017 የተቀመጠ ነው። የከተማው ኃላፊ ልሻረው ቢል እንኳ ሥልጣን የለውም። በእሱ እጅ ያለው ግምቱ ነው።

ግምቱን የሚሠሩት የአዘቦት ቀን ሽያጭ፣ የገበያ ቀን ሽያጭና በዓመት የሚሠራበት ቀን ናቸው። ገማቹ በገበያ ቀን መጥቶ 12,000 ብር ካየና በ300 ቀን ካባዛው 3,600,000 ይወጣል። ሱቁ ግን በሳምንት 2 ቀን 12,000፣ 4 ቀን 3,000 የሚሸጥ ከሆነ ሳምንቱ 36,000፣ ዓመቱ 1,872,000 ነው። አንዱ ደረጃ «ሀ»፣ ሌላው ደረጃ «ለ»! «ሀ» ከገባችሁ የሒሳብ መዝገብ አለ፣ የተጨማሪ እሴት ታክስ ምዝገባ አለ። ስለዚህ ቢያንስ የ3 ወር የየዕለት ሽያጭና የግዢ ደረሰኝ ይዛችሁ ቅረቡ። የአንድ ሳምንት ወረቀት ይዞ የሄደ «ማታ የጻፍከው ነው» ይባላል።

ባሶና ወራና
ስሌቱ ልክ ነው፤ መርሁን ግን ጨርሳችሁ አትጣሉት። ኮሚቴ ላይ የሚቀመጡት ብዙ ጊዜ ትልልቆቹ ናቸው። ለሁሉም አንድ አማካይ ቁጥር ተስማምተው ከወጡ ሸክሙ ትንሹ ሱቅ ላይ ይወድቃል። «ግምቱ በየሱቁ ይሁን» የሚለውን የማይነካ አድርጉት፣ በሌላው ተደራደሩ።

አንቀመጥም ማለት የሚያመጣውን ለማየት አሜሪካን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1990 ፕሬዚዳንት ቡሽ (አባትየው) ከኮንግረስ መሪዎች ጋር የተስማሙበትን በጀት የገዛ ፓርቲያቸው ሰዎች «ግብር አይጨመርም ተብሏል» ብለው አምፀው፣ ከብዙ ዴሞክራቶች ጋር ሆነው በ254 ለ179 ድምፅ ጣሉት። ያ ስምምነት የገቢ ግብር ምጣኔን አይነካም ነበር። በዚያው ዓመት ኦክቶበር መጨረሻ ያለፈው በጀት ግን ከፍተኛውን ምጣኔ ከ28 ወደ 31 በመቶ አነሣው።

መዝገብ ያዥ
አንድ ነገር ረስቼ። ድርድሩ ቀኑን እንዳይበላባችሁ! በፌዴራሉ አዋጅ 983/2008 ቅሬታ የሚቀርበው የግብር ውሳኔው በደረሰ በ21 ቀን ውስጥ ነው፤ ክልሉ የራሱ አዋጅ ስላለው የእናንተን ቀን ከዚያ አረጋግጡ። «በዛብኝ» ብቻ ቅሬታ አይሆንም፤ የትኛው ቁጥር፣ በምን ይተካ፣ ለምን የሚለው መጻፍ አለበት። ያልተከራከራችሁበትንም ክፈሉ፤ ሳይከፈል ቅሬታው ተቀባይነት አያገኝም።

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን)
ተባረኩ። የ3 ወሩን የሽያጭ ወረቀት ከነገ ጀምረን እንሰበስባለን፤ የ«አንቀመጥም» ወገኖችም የየሱቁን ነጥብ እነሱው ይያዙት ብለናል።