የብስክሌት መስመር ጥያቄያችን፦ ረቂቁን አንቀጽ በአንቀጽ እናስተካክል

አስተባባሪ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ለመንገድ መሥሪያ ቤቱ የምናስገባው የጋራ ሐሳብ ለጊዜው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «በዋና ዋና መንገዶች ግራና ቀኝ የብስክሌት መስመር ይሰመር።» ይህን ይዘን ብንቀርብ መጀመሪያ የምንጠየቀው «መስመሩ አደጋ ለመቀነሱ ምን ማስረጃ አላችሁ?» የሚል ነው። ቀጥሎ የመኪና ማቆሚያ ጉዳይ ይነሳል። ስለዚህ አስተያየት ስትሰጡ የሚሰረዘውንና የሚተካውን ለይታችሁ፣ ልኬቱንም ጨምራችሁ ጻፉ። «ይታሰብበት» የሚል አስተያየት አልመዘግብም።

መረጃና ጥናት፦
«ይሰመር» የሚለው ወጥቶ «ከመኪና መንገዱ በአካል የተለየ መስመር ይሠራ» በሚለው ይተካ። ሰመር አድርጉልን ካልን ቀለም ቀብተው ይሸኙናል። አውስትራሊያ ሜልበርን ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ብስክሌቶች ላይ መለኪያ ገጥሞ ከ18 ሺህ በላይ ጊዜ መኪና ሲያልፍ የነበረውን ርቀት መዝግቧል። የተቀባ መስመር ባለበት መንገድ መኪኖቹ ያለፉት መስመር ከሌለበት ይልቅ በአማካይ በ27 ሳ.ሜ. ቀርበው ነው። አሽከርካሪው ቀለሙን ካየ በኋላ የሚጠብቀው የራሱን ሌይን ነው፤ ብስክሌተኛው ከቀለሙ ወዲያ እስካለ ድረስ መሪውን ማዞር አይታየውም።

በአካል የተለየውን በተመለከተ ግን ማስረጃው ጠንካራ ነው። በቶሮንቶና በቫንኩቨር 690 የተጎዱ ብስክሌተኞችን ያጠናው የ2012 (እ.ኤ.አ.) ጥናት አደጋው የደረሰበትን ቦታ እዚያው ጉዞ ላይ በዕጣ ከተመረጠ ሌላ ቦታ ጋር አነጻጽሯል። ሰውየው ያው ነው፣ ብስክሌቱ ያው፣ አየሩም ያው፤ የተለየው መንገዱ ብቻ ነው። መስመር ከሌለውና መኪና ዳር ከሚቆምበት ዋና መንገድ ጋር ሲነጻጸር በአካል የተለየው መስመር ላይ የነበረው አደጋ ወደ አንድ ዘጠነኛ ወርዶ ተገኝቷል። የሞንትሪያሉ የ2011 (እ.ኤ.አ.) ጥናት ልዩነቱን 28 በመቶ ነው ያደረገው። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት ራሱ ትምህርት አለው፦ ሞንትሪያል ውስጥ የተጠኑት መስመሮች ሁሉም ባለሁለት አቅጣጫ ነበሩ።

የመንገድ ዲዛይን፦
መረጃ ክፍሉ ያለው ልክ ነው፤ ግን የኮፐንሃገኑን ጥናት ሳይጠቅስ አልፎታል፤ መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ሳያነሳው አይቀርም። እዚያ ከርብ (ከፍ ያለ የመንገድ ጠርዝ ድንጋይ) ያላቸው መስመሮች ከመሠራታቸው በፊትና በኋላ ሲለካ የብስክሌት እንቅስቃሴ ከ18 እስከ 20 በመቶ ጨመረ፤ አደጋው ግን ከሚጠበቀው በ9 እስከ 10 በመቶ በለጠ። በመጋጠሚያዎች መካከል ቀነሰ፤ የጨመረው መጋጠሚያው ላይ ነው። አንዱ ምክንያት፣ መስመር ለመሥራት ሲባል ዋናው መንገድ ላይ መኪና ማቆም ስለተከለከለ አሽከርካሪዎች ማቆሚያ ፍለጋ ወደ ጎን መንገዶች መታጠፍ አበዙ። እያንዳንዷ መታጠፍ ደግሞ የብስክሌቱን መስመር ታቋርጣለች።

ስለዚህ «ስንት ኪሎ ሜትር መስመር» የሚለውን ጥያቄ ትተን «ስንት መጋጠሚያ ተስተካከለ» የሚለውን እንያዝ። መንገዱ መሀል ላይ የሚያምር መስመር ሠርቶ መጋጠሚያው 20 ሜትር ሲቀረው መጨረስ የተለመደ ጥፋት ነው፤ ሰው የሚመታው ደግሞ እዚያችው 20 ሜትር ውስጥ ነው። ለመጋጠሚያ የማቀርበው አንቀጽ ይኸውና፦

«መስመሩ የጎን መንገድ ሲያቋርጥ ከዋናው መንገድ ጠርዝ ከ2 እስከ 5 ሜትር ገባ ብሎ ያልፋል፤ መሻገሪያው ከአስፋልቱ ከ8 እስከ 12 ሳ.ሜ. ከፍ ብሎ በእግረኛው መንገድ ደረጃ ይቀጥላል፤ የማዕዘኑ ኩርባ ራዲየስ ከ5 ሜትር አይበልጥም፤ ከመሻገሪያው በፊት ባለው 10 ሜትር መኪና አይቆምም።»

አራቱም የሚሠሩት አብረው ነው። ገባ ማለቱ የሚታጠፈው መኪና ዞሮ ቀጥ ካለ በኋላ ብስክሌተኛውን ከፊት ለፊቱ እንዲያገኘው ነው፤ ጠርዝ ላይ ከተጣበቀ ግን በስፖኪዮ ብቻ ነው የሚታየው፣ ያውም ከታየ። 5 ሜትር መሆኑ ደግሞ አንድ የቤት መኪና ዋናውን መንገድ ሳይዘጋ ቆሞ እንዲያሳልፍ ቦታ ይሰጣል። በኔዘርላንድስ የተጠኑ መጋጠሚያዎች በዚህ ልክ ገባ ያለ መስመር ያላቸው ከተጣበቁት ያነሰ አደጋ አሳይተዋል። ከዚያ አልፎ 10 እና 15 ሜትር ከራቀ ግን አሽከርካሪው ታጥፎ ጨርሶ ነዳጅ ሲሰጥ ነው የሚደርስበት። ከፍታው ፍጥነት ይሰብራል። ጠባቡ ኩርባም እንዲሁ፤ ሰፊ ኩርባ ያለው መታጠፊያ ፍሬን ሳይነካ ይታጠፉታል።

ቀለሙን በተመለከተ፣ «ሁሉም መሻገሪያ ይቀባ» የሚል ሐሳብ በቃል ተነስቶ ነበር። አይሆንም። ኮፐንሃገን ውስጥ በአንድ መጋጠሚያ አንድ ሰማያዊ መሻገሪያ ብቻ ሲቀባ አደጋው በ10 በመቶ ቀነሰ፤ ሁለት ሲቀባ በ23፣ አራት ሲቀባ በ60 በመቶ ጨመረ። በሁሉም በኩል ከተቀባ ዓይን የትኛው ላይ ይረፍ?

ሕግና ግንኙነት፦
አንድ ጥያቄ አለኝ። ባለሁለት አቅጣጫ መስመር በአንድ ወገን ብቻ ቢሠራ ወጪውም ቦታውም ይቀንሳል፤ ለመሥሪያ ቤቱም ለማሳመን ይቀላል። ለምን ቀድመን እንዘጋዋለን?

የመንገድ ዲዛይን፦
እህቴ፣ ቦታ መቆጠቡ እውነት ነው፤ ሁለት ባለ2 ሜትር መስመር ከመሥራት አንድ ባለ3 ሜትር ይሻላል ይላሉ። ነገሩ የሚበላሸው ከጎን መንገድ ወጥቶ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ አሽከርካሪ ላይ ነው። በቀኝ በሚነዳበት አገር መኪና የሚመጣበት ከግራ ስለሆነ ግራውን ብቻ አይቶ ይወጣል። በቀኙ በኩል የሚመጣው ብስክሌተኛ በአሽከርካሪው ሐሳብ ውስጥ የለም። ፊንላንድ ውስጥ የአሽከርካሪዎችን የጭንቅላት እንቅስቃሴ በካሜራ ያጠኑ ተመራማሪዎች ያገኙት ይህንኑ ነው፤ ወደ ቀኝ የሚታጠፉት ቀኛቸውን የሚያዩት ከሌሎቹ በጣም ባነሰ ነው። ይህ በምልክት ሰሌዳ የሚቃና ልማድ አይደለም።

እንዲህ ብንለውስ፦ «ባለሁለት አቅጣጫ መስመር የሚሠራው የጎን መንገድ በሌለበት ወይም እጅግ በጥቂቱ ባለበት ወገን ብቻ ነው፤ ለምሳሌ በወንዝ፣ በባቡር ሐዲድ ወይም በሰፊ መናፈሻ ዳር።» እዚያ ቦታ ላይ እኔም እደግፈዋለሁ።

ሕግና ግንኙነት፦
በዚህ መልኩ ከሆነ እስማማለሁ። «እጅግ በጥቂቱ» የሚለው ግን ለክርክር ክፍት ነው፤ በኪሎ ሜትር ስንት እንደሆነ ቁጥር ይግባበት። አደባባዮችስ?

የመንገድ ዲዛይን፦
ቁጥሩን አሁን ያሉትን መንገዶች ቆጥሬ አመጣለሁ። አደባባይ ላይ አጭር ነው፦ ክቡ ውስጥ በዳር የሚቀባ መስመር ጨርሶ ይከልከል። ከአደባባዩ የሚወጣው መኪና በትክክል ዳር ላይ ያለውን ብስክሌተኛ ነው የሚቆርጠው። በቤልጂየም ፍላንደርስ ሲመዘን ከሌሎቹ ዓይነቶች ሁሉ የባሰ ሆኖ የተገኘውም ይኸው ነው። ወይ ክቡን ውጭ ለውጭ የሚዞር የተለየ መስመር፣ ወይ በትንሽ አደባባይ በዝግታ ተቀላቅሎ መሄድ።

ጥገና፦
ከከርብ እስከ ከርብ 1.5 ሜትር ተብሎ ከተጻፈ ስንት ሴንቲ ሜትሩ ይነዳበታል? የጎርፍ መውረጃው ቦይ ከ30 እስከ 40 ሳ.ሜ. ይወስዳል፤ ፔዳል እንዳይነካበት ብስክሌተኛው ከከርቡ ሌላ 25 ሳ.ሜ. ያህል ይሸሻል። የቀረው ለአንድ ብስክሌት ብቻ ነው፤ ተቀዳድሞ ማለፍማ አይታሰብም። ስለዚህ «ስፋቱ ቦዩን ሳይጨምር 2 ሜትር፣ በጠባብ ቦታ ከ1.5 ሜትር የማያንስ» ይባል።

ሁለተኛው የጎርፍ መውረጃው የብረት ፍርግርግ ነው። ክፍተቱ ከጉዞው አቅጣጫ ጋር ከገጠመና ስፋቱ 3 ሳ.ሜ. ከሆነ፣ 25 ወይም 28 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀጭን ጎማ እስከ ቸርኬው ድረስ ይገባል፤ የፊቱ ጎማ ከተያዘ ሰውየው በመሪው ላይ ያልፋል። ክፍተቱ ለጉዞው አግድም ይሁን፣ ወይም ውሃው በከርቡ ጎን በተከፈተ አፍ ይግባ። የፍርግርጉ ፊት ከአስፋልቱ ጋር እኩል መሆን አለበት። መንገድ በድጋሚ ሲነጠፍ አስፋልቱ ይወፍራል፤ ክዳኑ ግን እዚያው ይቀርና 4 እና 5 ሳ.ሜ. ጉድጓድ ይፈጠራል። በዝናብ ውሃ ሲሞላ አይታይም። «በድጋሚ በተነጠፈ መንገድ የክዳኖች ከፍታ ከአስፋልቱ ጋር ከ1 ሳ.ሜ. በላይ ልዩነት አይኖረውም» የሚል ይግባልን።

ሦስተኛው መጥረጊያ ነው። መኪና በሚያልፍበት አስፋልት ላይ ጠጠርና ስባሪ ጠርሙስ ጎማው እየገፋ ወደ ዳር ያወጣዋል፤ ዳር ማለት የእኛ መስመር ነው። የተለመደው የመጥረጊያ መኪና ከ2 ሜትር በላይ ስለሚሰፋ በሁለት ከርቦች መሀል አይገባም። ጠባብ መጥረጊያ ከሌለ በእጅ የሚጠርግ ሠራተኛ በፕሮግራም ይመደብ። ካልተጠረገ ብስክሌተኛው መስመሩን ትቶ ወደ መኪናው ይገባል፤ ከዚያ በኋላ «ሠርተንላችሁ አልተጠቀማችሁበትም» እንባላለን።

የአካል ጉዳተኞች ጉዳይ፦
እስካሁን እግረኛ አልተነሳም። መስመሩ በአውቶቡስ ፌርማታ ጀርባ የሚዞር ከሆነ ተሳፋሪው የሚወርደው በመኪና መንገዱና በብስክሌት መስመሩ መሀል ባለች ደሴት ላይ ነው። ደሴቲቱ ተሽከርካሪ ወንበር የሚዞርባት፣ ቢያንስ 2.5 ሜትር ስፋት ያላት ትሁን፤ መሻገሪያው የዜብራ ምልክት ይደረግበት፣ ቅድሚያውም የእግረኛው ይሁን፤ ከመሻገሪያው በፊትም መስመሩ ከፍ ብሎ ብስክሌቱን ያዘግይ።

የእግረኛውና የብስክሌቱ መንገድ በአንድ ከፍታ ላይ በቀለም ብቻ ከተለየ ማየት የተሳነው ሰው ሳያውቀው መስመሩ ውስጥ ይገባል። በመሀላቸው 6 ሳ.ሜ. ከፍታ ይኑር፤ በእግርና በነጭ በትር በአስተማማኝ ሁኔታ የሚለየው ከዚህ ጀምሮ ነው። ጥገና ክፍሉ ፔዳል ይነካል ብሎ እንዳይቃወም፣ ፔዳል ወደ ታች ሲወርድ ከመሬት ከ8 እስከ 10 ሳ.ሜ. ይቀረዋል።

ጥገና፦
አልቃወምም። ጫፉ ቀጥ ያለ ሳይሆን ተዳፋት ቢሆን ጎማ ቢነካው እንኳ አይጥልም። በመኪናው በኩል ያለው ከርብ ግን ቀጥ ይበል። እዚያ በኩል ዝቅ ያለ የፕላስቲክ ጉብታ ብቻ ከተተከለ መኪና ይወጣበታል፣ ብስክሌተኛም በጨለማ ይደናቀፍበታል፤ ከሁለት ያጣ ነው።

መረጃና ጥናት፦
ማቆሚያው ጉዳይ ላይ፦ የቆሙት መኪኖች በመስመሩና በሚነዳው መኪና መካከል ከሆኑ ራሳቸው አጥር ይሆናሉ። ግን የበር ቦታ ይቀመጥ። የባለሁለት በር መኪና በር ሲከፈት ከ1 ሜትር በላይ ይወጣል። በማቆሚያውና በመስመሩ መካከል ቢያንስ 80 ሳ.ሜ.፣ ከተቻለ 1 ሜትር ባዶ ይተው። የቀኙ በር እንደ ሾፌሩ በር አዘውትሮ አይከፈትም፤ ቢሆንም ተሳፋሪ ስፖኪዮ የማየት ልማድ የለውም።

ፍጥነትንም እንጨምር። በየመንደሩ መንገድ ሁሉ ከርብ መትከል ብክነት ነው። አንድ ሰከንድ ማሰቢያ ተሰጥቶት በደረቅ አስፋልት በ50 ኪ.ሜ. የሚሄድ መኪና ለመቆም 28 ሜትር ያህል ይፈልጋል፤ በ30 ኪ.ሜ. 13 ሜትር ይበቃዋል። መኪና በሚያንስበትና ፍጥነቱ በእርግጥም በ30 በተገደበበት መንገድ ተቀላቅሎ መሄድ ይቻላል። በእርግጥም ያልኩት በፍጥነት መስበሪያ ማለቴ ነው፤ ሰሌዳ ብቻውን ማንንም አያዘገይም።

የመንገድ ዲዛይን፦
የትራፊክ መብራት ቀርቶን ነበር። ለብስክሌት ከመኪናው ቀድሞ ከ3 እስከ 5 ሰከንድ አረንጓዴ ይሰጥ የሚለው ጥሩ ነው፤ ብስክሌተኛው መጋጠሚያው ውስጥ ገብቶ እስኪታይ ያደርሰዋል። የሚጠቅመው ግን በቀይ ቆሞ ለነበረው ብቻ ነው። አረንጓዴው በርቶ እያለ የሚደርሰው ብስክሌተኛና ወደ ቀኝ የሚታጠፈው ከባድ መኪና አሁንም ይገናኛሉ፤ የሚገድለው ግጭት ደግሞ እሱ ነው። ከባድ መኪና በብዛት በሚታጠፍበት መጋጠሚያ ላይ የቀኝ መታጠፊያውና የብስክሌቱ አረንጓዴ ጊዜ ይለያዩ።

አስተባባሪ፦
ሁሉንም ወደ ረቂቁ አስገብቼዋለሁ። አንድ ነገር ይቀራል፦ ከተሠራ በኋላ መሥራቱን በምን እናውቃለን?

መረጃና ጥናት፦
የአደጋ ቁጥር ብቻ ከታየ ያሳስታል። ብስክሌተኛው በእጥፍ ጨምሮ አደጋው በሩብ ቢጨምር፣ ለእያንዳንዱ ተጓዥ አደጋው ቀንሷል ማለት ነው፤ ጋዜጣ ላይ የሚወጣው ግን «ጨመረ» የሚለው ነው። ስለዚህ ቆጠራው ግንባታው ሳይጀመር ይካሄድ፣ አደጋውም በተጓዘው ርቀት ይካፈል። አደጋው ብዙ የሆነበት ዓመት ብቻ ተመርጦ «በፊት» ከተባለ ደግሞ ምንም ባይሠራም በቀጣዩ ዓመት መቀነሱ አይቀርም። ቢያንስ ከበፊቱም ከኋላውም ሦስት ሦስት ዓመት ይወሰድ፤ መስመር ያልተሠራላቸው ተመሳሳይ መንገዶችም ጎን ለጎን ይያዙ። የሆስፒታል መዝገብ ይጨመር፤ ፍርግርግ የጣለው ሰው ፖሊስ ዘንድ አይሄድም።

አስተባባሪ፦
ቆጠራውን እኛው እንጀምረው፣ ፈቃድ የሚጠይቅ ነገር የለውም። ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ፣ ጠዋትና ማታ በሥራ መግቢያና መውጫ ሁለት ሁለት ሰዓት፤ በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ሁለት ሰው፣ አንዱ ብስክሌት፣ ሌላው የሚታጠፍ መኪና ይቁጠር። ዝናብ የጣለበት ቀን ተለይቶ ይመዝገብ እንጂ አይሰረዝ። የመቁጠሪያ ቅጹን ዲዛይን ክፍል ያዘጋጅ፤ ፍርግርጎቹን ጥገና ክፍል ከነልኬታቸው ፎቶ ያንሳ፣ ክፍተቱ ላይ ማስመሪያ አስቀምጣችሁ።

ጥገና፦
እሺ። ከማስመሪያው ጋር ጎማም አብረን እናስቀምጣለን፤ ለማያውቅ ሰው ቶሎ የሚገባው እሱ ነው።