ከጎንደር ላሊበላ በአየር ስንት ሰዓት ነው?

ጥያቄ፦ እናቴ ለገና ላሊበላን ልሳለም ብላለች። ጉልበቷን ስለሚያማት በወረታና በደብረ ታቦር ዞረን፣ ጋሸና ላይ ታጥፈን ቀኑን ሙሉ መኪና ላይ እንድትውል አንጀቴ አልቻለም። ከአዘዞ፣ ከጎንደር ኤርፖርት፣ ብንበርስ?

መልስ፦ ርቀቱ በቀጥታ መስመር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዳሽ 8 የሚባለው ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን በቀጥታ ከበረረ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይበቃዋል። ቀጥታ በረራ ከሌለ ግን በአዲስ አበባ መዞር ነው፤ መጀመሪያ እሱን አጣራ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ኤርፖርቱ ከላሊበላ ከተማ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ መኪና አስቀድመህ ያዝ። ለእናታችን ምርኩዝ አትርሳ፤ ከአውሮፕላኑ ይልቅ የሚከብዳቸው በአብያተ ክርስቲያናቱ መካከል ያለው ደረጃና ጠባብ መተላለፊያ ነው።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ፤ ነገ ትኬት ቢሮ እሄዳለሁ።