ላፕቶፑ የጎረቤትን ዋይፋይ እያየ የእኛን ለምን አያይም?

ጠያቂ (መምህር፣ አዘዞ)

ጤና ይስጥልኝ። ወንድሜ ከአሜሪካ ሲመጣ ያመጣልን፣ ዕድሜው ከአሥር ዓመት ያለፈና ዊንዶውስ 10 የተጫነበት ላፕቶፕ አለን። የድሮው ራውተራችን ተበላሽቶ አዲስ ካስገባን ጊዜ ጀምሮ ይህ ላፕቶፕ የቤታችንን ዋይፋይ ማየት አቁሟል። የይለፍ ቃል እስከ መጠየቅ እንኳ አይደርስም፤ የኔትወርካችን ስም ከዝርዝሩ ውስጥ ጭራሽ የለም። የሚገርመው ግን የጎረቤቶቻችንን ሦስት ኔትወርኮች ይዘረዝራል፤ የስልኬን ሆትስፖት ስከፍትም ወዲያው ያየዋል። የቤተሰቡ ስልኮች በሙሉ ደግሞ በአዲሱ ራውተር ያለ ችግር ይሠራሉ።

ድራይቨሩን አጥፍቼ እንደገና ጭኛለሁ፤ ላፕቶፑን ደጋግሜ አጥፍቼ አብርቻለሁ። አንድ ጥገና ቤት ወስጄው «የዋይፋይ ካርዱ ደክሟል፣ ይቀየር» ተብያለሁ። ልጄ ዘንድሮ ተመራቂ ስለሆነች የመመረቂያ ጽሑፏን የምትሠራው በዚሁ ላፕቶፕ ነው፤ በየጊዜው የስልክ ጥቅል እየገዙ መሥራቱም ከብዶናል። ካርዱን ከማስቀየሬ በፊት ልመረምረው የሚገባ ነገር ካለ ብትጠቁሙኝ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

መላሽ (ፒያሳ)

መምህር፣ የቤትዎ ግድግዳ የድንጋይ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ይጠርጥሩ። እኔ የምኖረው በጣሊያን ጊዜ በተሠራ ቤት ውስጥ ሲሆን፣ ራውተሩ ሳሎን ተቀምጦ ከጓዳ በኩል ምንም አይታይም ነበር። ወደ ኮሪደሩ አውጥቼ ከፍ ካለ ቦታ ሳስቀምጠው ተስተካክሏል።

ጠያቂ

አመሰግናለሁ ወንድሜ። ነገር ግን ላፕቶፑን ራውተሩ ከተቀመጠበት ቡፌ ላይ፣ አጠገብ ለአጠገብ አድርጌ ሞክሬዋለሁ። የጎረቤት ስም ግድግዳ አልፎ እየታየ የእኛ አልታየም።

መላሽ (የጥገና ባለሙያ፣ ማራኪ)

መምህር፣ ካርዱን እንዳያስቀይሩ። የሞተ ካርድ የጎረቤትን ሦስት ኔትወርክና የስልክዎን ሆትስፖት ሊያይ አይችልም። ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ችግር ሲገጥመው የዋይፋዩን ማብሪያ ቁልፍ ይነካካል፣ ድራይቨር ይቀያይራል፤ እነዚህ ግን የሚጠቅሙት ላፕቶፑ አንድም ኔትወርክ ማየት ሲያቅተው ነው። የእርስዎ ላፕቶፕ ሌላውን አይቶ አንዱን ብቻ ስለሚያጣ፣ ጥያቄው ያ አንዱ ራውተር ከሌሎቹ በምን ይለያል የሚለው ነው።

በመጀመሪያ የምጠረጥረው ሞገዱን ነው። አዳዲስ ራውተሮች በ2.4 ጊጋኸርዝም በ5 ጊጋኸርዝም ያሰራጫሉ፤ ብዙ የቆዩ ላፕቶፖች ግን የሚያዩት 2.4ን ብቻ ነው። በራውተሩ ላይ 2.4 ተዘግቶ ከሆነ ስልኮቹ በ5 ይሠራሉ፣ ላፕቶፑ ግን ምንም አያይም። በስልክዎ ማሰሻ ላይ 192.168.1.1 ብለው ይግቡ። በብዙ ራውተሮች አድራሻው ይህ ሲሆን፣ የእርስዎ ከተለየ ከነመግቢያ ቃሉ ከራውተሩ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ያገኙታል። ከዚያም 2.4 መከፈቱን አይተው፣ ለሁለቱ ሞገዶች የተለያየ ስም ይስጧቸው።

ጠያቂ

እንዳሉኝ አደረግሁ። 2.4 ቀድሞውኑ ክፍት ነበር፤ አሁን የራሱን ስም ሰጥቼው በስልኬ ላይ ሁለቱም ስሞች በግልጽ ይታያሉ። ላፕቶፑ ግን ያንንም አላየውም።

አንድ ነገር ሳልናገር ቀርቻለሁ። ተያያዥነት ያለው አይመስለኝም ነበር፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ አልፎ አልፎ ስማችን በላፕቶፑ ላይ ይመጣል፤ ቀኑን ሙሉ በደንብ ይሠራና በሌላ ጊዜ መብራት ሲቋረጥ ተመልሶ ይጠፋል። ባለቤቴ «ይኼ ነገር የሚታዘዘው ለመብራት ኃይል ነው» እስከማለት ደርሳለች።

መላሽ (የኔትወርክ ባለሙያ፣ ቀበሌ 18)

መምህር፣ ሁለት ነገር ጽፈዋል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው መልሱ የሚገኝ ይመስለኛል። ላፕቶፑ የመጣው ከአሜሪካ ነው፤ ኔትወርኩ የሚታየውና የሚጠፋው ደግሞ መብራት ሄዶ ሲመጣ ነው።

የ2.4 ሞገድ ቻናል በሚባሉ መስመሮች የተከፋፈለ ነው። በአውሮፓና በብዙ አገሮች ከ1 እስከ 13 ያሉት አገልግሎት ላይ ሲውሉ፣ በአሜሪካ የተለመዱት ግን ከ1 እስከ 11 ያሉት ብቻ ናቸው። ስለዚህ ለአሜሪካ ገበያ የተዘጋጀ የዋይፋይ ካርድ ብዙውን ጊዜ 12ንና 13ን ከነጭራሹ አይፈልግም፤ በዚያ ቻናል የሚያሰራጭ ራውተር ጠረጴዛው ላይ ቢቀመጥ እንኳ ለእሱ እንደሌለ ነው። የእርስዎ ራውተር ቻናሉን ራሱ እንዲመርጥ ተደርጎ ከሆነ፣ መብራት መጥቶ በተነሣ ቁጥር ዙሪያውን አዳምጦ ያልተጨናነቀውን ይይዛል። 6 ላይ ያረፈ ዕለት ላፕቶፕዎ ያየዋል፤ 13 ላይ ያረፈ ዕለት ይጠፋበታል። ስልኮቻችሁ ግን ያሉበትን አገር ከሲም ኔትወርኩ ስለሚያውቁ 13ንም ያያሉ።

እባክዎ በራውተሩ የ2.4 ገጽ ላይ አሁን የያዘውን ቻናል ይመልከቱ። 12 ወይም 13 ከሆነ፣ ራሱ ይምረጥ ከሚለው አውጥተው 1፣ 6 ወይም 11 ላይ ያስሩት። እነዚህን ሦስቱን የምመርጠው ሞገዳቸው እርስ በርሱ ስለማይደራረብ ነው። የቻናሉን ስፋትም 20 ሜጋኸርዝ ያድርጉት።

ጠያቂ

ገጹን ስከፍት «ቻናል፦ አውቶ» ይላል፤ ከሥሩ በትንሽ ጽሑፍ 13 የሚል ቁጥር አለ። ልጄ ላፕቶፑን ከፍታ ዝርዝሩን እያየች፣ እኔ በስልኬ 6ን መርጬ አስቀመጥኩ። ራውተሩ መብራቱን አጥፍቶ እንደገና አበራ፤ ብዙም ሳይቆይ ከጎረቤቶቻችን ስሞች በላይ የእኛ ስም ሙሉ ምልክት ይዞ ወጣ። እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ለካርዱ መቀየሪያ ያስቀመጥነው ገንዘብ ለጽሑፏ ማሳተሚያ ይሆናል።

መላሽ (የጥገና ባለሙያ፣ ማራኪ)

እኔም ተምሬበታለሁ፤ «ከየት የመጣ ላፕቶፕ ነው?» ብዬ አለመጠየቄ ስሕተት ነበር። አንድ ነገር ልጨምር። አሮጌ ላፕቶፕ አልገናኝ ሲል አንዳንድ ሰው የራውተሩን የይለፍ ቃል ያነሣዋል፤ እባክዎ ይህን በፍጹም አያድርጉ። ዳብልዩፒኤ 2 የሚለው የጥበቃ ዓይነት ለእንዲህ ያለ ላፕቶፕ ይበቃል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስላበቃና የደኅንነት ማሻሻያ እንደ ድሮው ስለማይመጣለት፣ ልጅዎ የጽሑፏን ቅጂ በፍላሽም በኢሜይልም እንድታስቀምጥ ይንገሯት።

ጠያቂ

ነግሬያታለሁ፤ በሁለቱም አስቀምጣለች። ትናንት ማታ መብራት ሄዶ ሌሊት መጣ። ጠዋት ላፕቶፑን ስንከፍተው ስማችን በቦታው ነበር፤ ራውተሩም ቻናል 6ን እንደያዘ ነው።