የድሮው ዘ አንተቸብልስ፣ እውነት ካፖንን ያሳሰረው ኔስ ነው?

የቱሉዲምቱ ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ይሄን ጥቁርና ነጭ ተከታታይ ፊልም ያያችሁ ካላችሁ አንድ ነገር ንገሩኝ። እዚህ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ታች ያለው ፊልም ቤት ፍላሽ ላይ ጭኖልኝ ከአባዬ ጋር ማታ ማታ እያየን ነው፣ እንግሊዝኛው ስለሚፈጥንባቸው፣ በተለይ ያ ተራኪው ዋልተር ዊንቸል እንደ ኳስ ኮሜንታተር ስለሆነ፣ ሪሞቱን ይዤ እያቆምኩ እተረጉምላቸዋለሁ። አባዬ ጡረታ የወጡ ኦዲተር ናቸው። ድሮ የሚሰሩበት መሥሪያ ቤት ፖስታ ሲሰጧቸው አልቀበልም ብለው ክፍለ ሀገር ተዛወሩና ሦስት ዓመት ያለ እሳቸው ነው ያደግነው። እና ትናንት ዋናው ሰውዬ ኔስና አብረውት የሚሠሩት ልጆች ጉቦውን ሲመልሱ "አቁመው እስቲ" አሉኝ፣ "ይሄ የነበረ ሰው ነው ወይስ ድርሰት?" መልስ አጣሁ።

ጥቁርና ነጭ፦
ኧረ በደንብ ነበረ! ኤሊየት ኔስ አሜሪካ መጠጥ ክልክል በነበረበት ጊዜ፣ በነሱ አቆጣጠር ከ1920 እስከ 1933 ማለት ነው፣ ቺካጎ ውስጥ የወንበዴዎቹን አለቃ የአል ካፖንን ቢራ መጥመቂያዎች በር በጭነት መኪና እየደረመሰ ይገባ የነበረ የመንግሥት ሰው ነው። ልጆቹን የመረጣቸው ጉቦ የማይነካቸው ናቸው ብሎ ነው፣ ዘ አንተቸብልስ፣ የማይነኩት፣ የሚለው ስማቸውም ከዛ መጣ። ራሱ እንደተረከው አንዴ የካፖን ሰዎች ገንዘብ መኪናቸው ውስጥ ወርውረውላቸው ሲሄዱ ተከትለው መልሰው ወረወሩባቸው። ተከታታዩ ግን ከ1959 እስከ 1963 ሲታይ ብዙ ጨምሮበታል፣ ማ ባርከር የምትባለዋን የወንበዴዎች እናት እንኳ ለኔስ ሰጥቷታል፣ እሷን የገጠሟት ኤፍቢአዮች ናቸው። ኔስ በ1957 ስለሞተ ፊልሙን አላየውም፣ ይሄ ሁሌም ያሳዝነኛል።

ሒሳብ ሠራተኛ፣ ሰበታ፦
ወንድሜ ለአባትህ ይሄን ንገርልኝ፣ ካፖን የተፈረደበት በታክስ ነው! በ1931፣ 11 ዓመት። ኔስ የደከመበት የመጠጥ ክስ ለፍርድ አልቀረበም። የታክሱን ሥራ የሠራው ፍራንክ ዊልሰን የሚባል የገቢ መርማሪ ነው፣ በ1926 ከካፖን ቁማር ቤት ተይዞ ፋይል ካቢኔ ውስጥ የተረሳ ሌጀር፣ የሒሳብ መዝገብ ማለት ነው፣ አገኘና የእጅ ጽሑፉን ከሌላ ወረቀት ጋር እያመሳከረ ጸሐፊውን ፈልጎ ደረሰበት። ቀኑን ሙሉ ደረሰኝ ሳገላብጥ የምውል ሰው ነኝ፣ ይሄን ሳስብ እጄ ላይ ያለው ወረቀት ይከብደኛል።

የቱሉዲምቱ ልጅ፦
አነበብኩላቸው፣ ሁለቴ አስደገሙኝ። መነፅራቸውን አውልቀው ዝም ብለው ቆዩና "ጸሐፊውስ? መስክሮ ማን ጠበቀው?" አሉ።

ሒሳብ ሠራተኛ፣ ሰበታ፦
እስከ ችሎቱ ቀን ደብቀው አቆይተውታል በላቸው። እና ከኔም ሰላምታ አድርስልኝ፣ ጤና ይስጥልኝ ብሏል በል።